በጎመን መደብ ላይ የተሰቀለው ዲስክ

ሰኔ 1 ቀን 2013፣ ማክሰኞ፣ ጧት ሦስት ሰዓት

ብዕሩ በባለቤቴ በየሺ እጅ ነው። ቃሉ የኔ የደምሴ ነው። አንተ ደብተር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። የቆጠረችው እሷ ናት፤ ከራሷ እንዳትጨምር ዓይኔን ጣል አድርጌባታለሁ። ትስቃለች። እሱም ይጻፍ።

ዛሬም ስሞቹን ሞከርኩ። ሽፈራው፣ ቸኮል፣ ጓንጉል፣ ረታ፣ ወሰን። ከዚያ ባዶ። ከአልጋ ሳልወርድ ሞከርኩ፣ ፊቴን ስታጠብ ሞከርኩ። ወሰን ላይ ስደርስ ጭጋግ ይወርዳል። ሁለት አያቶች ጭጋጉ ውስጥ ቆመዋል። ቁመታቸው ይታየኛል፣ ስማቸው አይመጣልኝም።

የልጅ ልጄን ሳሮንን ለጋብቻ የጠየቃት ልጅ የኛው ወረዳ ሰው ነው። አጎቱ እዚሁ ጎረቤት ካለው ከተማ፣ ከግሮቭፖርት፣ በስልክ ኮል አደረገልኝ። ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ ሰባት ቤት ይቆጠር፣ ካልተቆጠረ እሺ አንልም አለ። እኔም፣ ሰባቱንም እንደ ውኃ አወርድልሃለሁ አልኩት። የፊታችን ቅዳሜ አይደለም፣ የሚቀጥለው ነው፤ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። ሳሮን፣ "ግራንድፓ፣ ኖባዲ ኬርስ" ትላለች፤ ለዚህ ማን ግድ አለው ማለቷ ነው። እኔ ኬር አደርጋለሁ።

ሰኔ 3፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ነገሩ ትዝ አለኝ። ድሮ፣ ከአገር ወጥተን እዚህ እንደመጣን፣ ሂሊያርድ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ወለል አጸዳ ነበር። እንደኔ የሚወለውል አልነበረም፤ መልክህን ታይበታለህ። መሐንዲሶቹ ለሰው ሳሎን የሚሆን ኮምፒውተር ይሠሩ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል፣ ዲስክ ይውጣል። ያን ጊዜ ዲስክ የሚውጥ ኮምፒውተር በማን ቤት አለ? ዋልት የሚባለው መሐንዲስ ሊሞክረው ማይክ ደቀነብኝ። የፈለግከውን በቋንቋህ ተናገር አለኝ። ዘሬን ቆጠርኩለት። እስከ ሰባት። ድምፄ ወርቅማ ዲስክ ውስጥ ገባ።

ኮምፒውተሩ ገበያ ሳያይ ቀረ። አለቆቹ ሐሳባቸውን ለወጡ፣ ለሙከራ የተሠሩት ይሰባበሩ ተባለ። ዋልት አንዱን ከነዲስኩ መኪናዬ ላይ ጫነልኝ። ይህን ዲስክ ከዚህ በቀር የሚያነበው ማሽን የለም አለኝ። ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ አልብሼ አስተኛሁት። አንድ ቀንም አልሰካሁትም። ስካልኝ ብዬ ማንን ልለምን?

ሳሮን ዋልትን ፈልጋ አገኘችው። ጡረታ ወጥቷል። እሑድ ይመጣል። እኔም ቤዝመንት ወረድኩ። ማሽኑ አለ። የዲስኩ ማስቀመጫ ባዶ ነው።

የሺ መጻፏን አቆመች።

ያው ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት

ተናዘዘች። ፋሲካ ሰሞን ወፍ ጎመኗን ሲጨርስባት የሚያብረቀርቅ ነገር ፈለገች። በክር አስራ መደቡ ላይ ሰቀለችው።

ስንት ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ሳየው ከርሜአለሁ። ወርቅማ ክብ ነገር፣ በነፋስ ቀስ ብሎ ይዞራል። ብርሃኑ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ይዋኛል፣ ጣሪያውን ይሻገራል፣ መጥቶ ፊቴ ላይ ያርፋል። እኔም ደስ ብሎኝ አንቀላፋለሁ። ለካ አያቶቼ እያለፉብኝ ነበር።

ተቆጣኋት። ዘርህ ወፍ ካባረረ ምን ጎደለው አለችኝ። ጎመኑ ግን አምሯል፤ አልክድም።

ሰኔ 6፣ እሑድ

ዋልት መጣ። ከማስኩ በላይ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው፤ ዓይኑ አልሸበተም። እጁን ማሽኑ ላይ አሳረፈ፣ እንደ በሽተኛ ግንባር። ከፈተው። ያረጀውን የውስጥ ዕቃ ነቅሎ ረቡዕ ሌላ ሊያመጣ ወሰነ። ዲስኩን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ጭረቱን ለረጅም ጊዜ አየ። ምናልባት አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ወደድኩት።

ሰኔ 9፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ተሰካ። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ሆነ። ማሽኑ ተነፈሰ፣ ዲስኩን ዋጠ። ውስጡ የሆነ ነገር ይዞራል፣ ሩቅ እንዳለ ወፍጮ።

ከዚያ አንድ ሰው መናገር ጀመረ። ጉሮሮው ሙሉ፣ ደረቱ የተነፋ። ሳሎን የገባ መስሎኝ ወንበር ልለቅለት ተነሣሁ። ሽፈራው፣ ቸኮል፣ ጓንጉል፣ ረታ፣ ወሰን አለ። ዝም አለ። ጭረቱ ነው ብዬ ልቤ ወረደ። ጭረቱ አይደለም፤ የዋልት ድምፅ ከኋላ ቀጥል ይላል። ሰውየው ኮራ ብሎ ቀጠለ።

ቦራ። ዳልቻ።

የሺ ሳቋን ለቀቀችው። ዋልት፣ ቆንጆ ስሞች አለ። ቦራና ዳልቻ የአባቴ በሬዎች ናቸው።

"እንግዲህ ልጁ በበሬ በኩል ካልተዛመዳት ይጋቡ" ትላለች የሺ፣ እንባዋን እየጠረገች።

እኔ አልሳቅሁም። ቁጭ አልኩ። ቀለል እያለኝ መጣ፣ ጭነት እንደወረደለት ሰው። ደብተር፣ እርጅና ዘረፈኝ ብዬ ነበር ያዘንኩት። አልዘረፈኝም። ያኔም አምስት፣ ዛሬም አምስት። ያ ጎልማሳ አላውቅም ማለት አፍሮ በሬ ጨመረ። እኔ ከሱ እበልጣለሁ።

ቅዳሜ አምስት እቆጥራለሁ። ከዚያ በላይ አላውቅም እላለሁ፣ አጎትየው ፊት፣ ሽማግሌው ፊት። እሺ ካሉ አሉ። እንቢ ካሉም የልጄን ልጅ በበሬ ስም አልድርም። ሳሮን ብታለቅስ አብሬአት አለሁ።

በቃ። የሺ፣ አሁን አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። በሬዎቹንም ሳትዘልዪ።