ሰላምታ ያልመለሰው ነሐስ

ሰኞ፣ ጥር 4። ጠዋት 3 ሰዓት
ዛሬም ደሴ ካለው ሰፈራችን ከቧንቧ ውሃ ኮምቦልቻ ወርክሾፕ በሚኒባስ። ሞረድ፣ ሞረድ፣ ሞረድ። የምሠራው የነሐስ ሐውልት ትከሻው ተስተካክሎ ሊያልቅ ነው። ቁመቱ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል። እጅ የለው፣ ዓይን የለው፤ ወደ ፊት ያዘነበለ ገላና ልሙጥ ጭንቅላት፣ በቃ። ደብተሬ፣ ታውቂያለሽ፤ ቅርጻ ቅርጽ ልማር ስል አባዬ የፈቀዱልኝ ነፍስ ያለው ነገር እንዳልሠራ አስምለውኝ ነው። ፊት ከሌለው ሰው አይባልም ብዬ ራሴን አሳምኜ ኖርኩ።

ማክሰኞ
ነሐሱን ያዘዘኝ ኮሚቴ ሰብሳቢ ከደሴ ደወሉ። ነሐሱ የሚቆመው ፒያሳ አዲሱ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ነው። ፎቶውን አይተው ሰው አይመስልም አሉ። እስከ ቅዳሜ ዓይንና አፍንጫ ይውጣለት፣ አለበለዚያ አንረከብም። ስድስት ወር የለፋሁበት! ጋሽ ተካ፣ የወርክሾፑ ባለቤት፣ አፍንጫ ለጥፊበትና ተገላገይ ብለው ሳቁ። እሳቸው ምን አለባቸው፣ አልማሉም።

ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ
ከድጡ ወደ ማጡ። አባዬ ለቅሶ ሊደርሱ ኮምቦልቻ ወርደው ኖሮ፣ ሳይነግሩኝ ወርክሾፑ ጋ መጡ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። እኔ ጓዳ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆመው «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ። ለነሐሱ ነው። ደገሙ። ሦስተኛው ላይ ተቆጡ፤ የማን ልጅ ነው ሰላምታ የማይመልስ? ቀርበው ትከሻውን ያዙት። እጃቸው እዚያው ቀረ።
ጭንቅላት ካለው ነፍስ ያለው ነው፤ ወላሂ አንገቱን ካልቆረጥሽው ሰላምታዬን እንዳትጠብቂ ብለውኝ ወጡ።
ኮሚቴው ሰው አይደለም ይላል፣ አባዬ ሰው ነው ይላሉ። እኔ መሃል ባልሆን እስቅ ነበር። አንቺን አልዋሽሽም፤ ሰው መስሏቸው ሰላም ሲሉት ደስ ብሎኛል። አፈርኩ።

ዓርብ
ቤት ገብቼ ሰላም እላለሁ፤ አባዬ ሳይመልሱ የተስቢህ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ መውረድ፣ ማታ ሐረጎን ወደ ደሴ መውጣት። ታችም መግቢያ የለኝ፣ ላይም መግቢያ የለኝ። ታፈንኩ።
ዛሬ በሰም አፍንጫ ሠርቼ ለጠፍኩበት። አሻንጉሊት መሰለ፣ ፍቄ ጣልኩት። ከዚያ መጋዙን አንገቱ ላይ አድርጌ አንዴ ገፋሁ። ጭረት ወጣ። እጄ ከዚያ በላይ እምቢ አለኝ።

ቅዳሜ። አመሻሽ
ለሰብሳቢው ደወልኩ። ፊት አላወጣም አልኩ። እንግዲያው አንረከብም ብለው ዘጉት። ጋሽ ተካ ለነሐሱ ወርክሾፑ ውስጥ አንድ ጥግ ለቀቁልኝ፤ ዛሬ አልሳቁም። የአንገቱን ጭረት በሞረድ አጠፋሁ።
ለአባዬም ነገርኳቸው። ፊት አልሰጠሁትም፣ መሐላዬን ጠብቄያለሁ፤ አንገቱን ግን አልነካም። መቁጠሪያቸውን አነሱ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።
ወስኛለሁ። ባይመልሱልኝም ስገባም ስወጣም ሰላም እላቸዋለሁ። እሳቸው መልስ ለማይሰጥ ነሐስ ሦስቴ ሰላም ብለዋል። እኔ ከሦስት በላይ እችላለሁ።