ሁለቱ ሎክሊኖች በአንድ መዝገብ

ለውድ ወንድሜ ለሄክተር፣

እንደምን ከርመሃል? ሉሲል እንዴት ናት? ወገቧ ተሻላት ወይስ አሁንም ጎንበስ ባለች ቁጥር ትጮኻለች? ልጆቹ ማልኮምና ሺላስ? እናንተ ዘንድ አልበርታ በረዶው ገብቷል ሲሉ በሬዲዮ ሰማሁና ያን ቀዳዳ ጓንትህን ጥለህ ሌላ ገዝተህ ይሆን ብዬ አሰብኩ። አልገዛህም፤ አውቅሃለሁ። እኛ ዘንድ ባሕሩ መቆጣት ጀምሯል፣ ጀልባዎቹም ሁሉ ወደ ደረቅ ወጥተዋል። እኔ አለሁ። አባባም አሉ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ቀጥሎ ያለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። አሁን እኔ ስጽፍልህ እሳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሬዲዮውን ሰውዬ እየተሳደቡ ነው።

ስልክ ያልደወልኩልህ ከልክለውኝ ነው። «ከደወልሽለት ሥራውን ጥሎ በአውሮፕላን ከች ይላል። ደብዳቤ ጻፊለት፤ ደብዳቤው እስኪደርስ እኔ እድናለሁ» አሉ። ይኸው እንዳሉት ድነዋል፣ እኔም መጻፌ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ከምሄድብህ ደግሞ ዋናውን ልንገርህ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

የክሊኒካችን መዝገብ ያለበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማርጀቱን ነግሬህ ነበር። ኩባንያው አዲሱን ላከልንና ኦክቶበር 25፣ አርብ ጠዋት፣ እኔው ጫንኩት። እንዳስተማሩኝ መጀመሪያ የአሮጌውን ሙሉ ቅጂ አውጥቼ ቆለፍኩበት። በዚህ ሁሉ ጉድ ውስጥ የሠራሁት አንድ ደህና ነገር ቢኖር እሱ ነው። ጭነቱ ሊያበቃ ሲል አንድ ጥያቄ ብቅ አለ፤ «አርባ አንድ ድርብ መዝገቦች ተገኝተዋል፤ ይዋሃዱ?» ይላል። ስልኩ ይጮኻል፣ ሰው በር ላይ ተሰልፏል፣ ነርሷ ሞራግ ደግሞ «አለቀ? አለቀ?» እያለች ጭንቅላቴ ላይ ቆማለች። «አዎ» የሚለውን ነካሁት።

አገራችንን ታውቃለህ። እዚህ ወሽመጥ ዳር ማክኒል ያልሆነ ሰው በባትሪ ፈልገህ አታገኝም፣ በኩር የሆነ ሁሉ ደግሞ የአያቱን ስም ነው የሚወርሰው። አባባና የአጎታቸው ልጅ በአንድ ዓመት ተወልደው ሁለቱም በአንድ አያት ስም ሎክሊን ማክኒል ተባሉ። ለዚህ ነው አባባን ሎክሊን መረብ፣ የአጎታቸውን ልጅ ሎክሊን ፖስታ የምንላቸው። አሮጌው ፕሮግራም ላይ «ሌላ ስም» የምትል ጠባብ ሳጥን ነበረች፤ ነርሶቹ ሃያ ዓመት ሙሉ መረብ፣ ፖስታ፣ ነገ-ነገ፣ ዘጠኝ ጣት እያሉ የሞሏት። አዲሱ ያቺ ሳጥን የለችውም። ቶሮንቶ ቁጭ ብሎ የሠራው ሰው ስሙ፣ የትውልድ ዓመቱና መንደሩ የገጠመለትን ሁሉ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ሰው አደረገው። እሱስ አያውቀንም፣ አይፈረድበትም። እኔ ግን የሎክሊን መረብ ልጅ ሆኜ «አዎ» አልኩ።

እስከ ረቡዕ የነቃ አልነበረም። ረቡዕ ጠዋት ሞራግ የአንገስ ነገ-ነገን መዝገብ ከፈተች። አንገስ ግራ እግሩን የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ካጣ ሠላሳ ዓመቱ አይደል? መዝገቡ «የሁለቱም እግሮች ጥፍር ተቆርጧል፤ እግሮቹ ጤናማ ናቸው» ይላል። ሞራግ እስክትታነቅ ሳቀች። «ፍሎራ! ነይ ተአምር እይ፣ ነገ-ነገ እግር አበቀለ!» ብላ ጠራችኝ። እየሳቅሁ ሄድኩ። ስክሪኑን ሳየው ግን ሳቄ አፌ ላይ ቀረ፤ ሁለት አንገሶች አንድ ሆነዋል። አርባ አንዱንም ከፍቼ አየሁ፣ ሁሉም እንደዚያው ነው።

ኩባንያው ዘንድ ደወልኩ። የሚረዳን ሰውዬ ነገሩን ሲሰማ፣ «እናንተ ዘንድ ስም አለቀ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሞራግ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «ስምስ ሞልቷል፣ ያለቀው የናንተ ጭንቅላት ነው!» አለችው። ከተረጋጋን በኋላ ወደ አሮጌው መመለስ ቀላል እንደሆነ ነገረን፤ አርብ ያወጣሁትን ቅጂ መልሶ መጫን ብቻ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከአርብ ወዲህ የተጻፈው ግን እንዳለ ይጠፋል። ኃላፊያችን በርናዴት «አምስት ቀን አይደል? ይጥፋ፤ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይሻላል» አለች። የበርናዴት ፍርሃት ገብቶኛል፣ የሷም እንጀራ እኮ ነው። ግን በእነዚያ አምስት ቀናት መቶ ስልሳ ሦስት ነገር ተጽፏል፤ መድኃኒቱ የተቀየረለት አለ፣ ቁስሉ የተሰፋለት አለ፣ ደሙ የተመረመረ አለ። አይሆንም አልኳት። በሕይወቴ አለቃዬን አይሆንም ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ወዲያ አዲሱን ማንም እንዳይነካው፣ የዕለቱ ሥራ ሁሉ በወረቀት እንዲጻፍ አደረግን። እኔ አዲሱን ከነብልሽቱ ቀዳሁት፤ የተበላሸም ቢሆን የአምስቱ ቀን ጽሑፍ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ቀጥሎ ከዕቃ ቤት አሮጌ ኮምፒዩተር አውጥቼ የአርቡን ቅጂ እሱ ላይ ጫንኩና ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ከዚያ በኋላ መልቀም ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ፣ እኔን ነው። ከአዲሱ አንድ በአንድ አነባለሁ፣ ሞራግና ሌሎቹ ነርሶች የማን እንደሆነ ይነግሩኛል፣ አሮጌው ላይ በባለቤቱ መዝገብ እጽፍና ምልክት አደርጋለሁ። «ሜሪ ማክኒል፣ ሰኞ፣ ጆሮ ታጥቧል» ስል፣ ሞራግ «ዘጠኝ ጣት ናት! ጆሮዋን ሳጥብላት ባሏን ስታማልኝ ነበር፣ የምላትን ግን አልሰማችም» ትላለች። የተጠራጠሩትን ደግሞ ቤቱ ደውለው ያጣሩ ነበር። እንዲህ እያልን ከቀትር በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ሠርተን መቶ ስልሳ አንዱን ጨረስን። ሁለት ቀሩን።

ሁለቱም የሎክሊን ማክኒል ናቸው። ማክሰኞ የተወሰደ የደም ምርመራ ውጤት ነው፤ አንዱ 2.4 ሌላው 6.9። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከተዋሃደው መዝገብ ስለታተመ ስሙም ቁጥሩም አንድ ነው። አባባም ፖስታም የደም ማቅጠኛ ኪኒን እንደሚወስዱ ታውቃለህ። ቁጥሩ ከሁለት እስከ ሦስት ሲሆን ደህና ነው፤ ወደ ሰባት ከተጠጋ ሰው በትንሽ ግጭት ውስጡ ደም ሊፈስ ይችላል። አሮጌውን መዝገብ አየሁት፤ የአባባ ኪኒን ሦስት ሚሊግራም፣ የፖስታ ሰባት። አዲሱ ላይ የቀረው ሰባቱ ብቻ ነው። የሳምንቱን ኪኒን በየሳጥኑ አድለን የምንሰጠው ደግሞ አርብ ከሰዓት ነው። ሄክተር፣ አባቴ አራት ቀን ሙሉ የሌላ ሰው ኪኒን ሲውጡ ኖረዋል፤ ያበላኋቸውም እኔ ነኝ። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ሐኪማችን ዘንድ ሮጥኩ። እሱ ግን በግምት አይሠራም፤ «ሁለቱም ኪኒኑን ያቁሙ፣ ሁለቱም አሁኑኑ ይምጡ» አለ።

አባባ ዘንድ ደወልኩ። አሁን የምጽፍልህን ለማንም ልነግረው አልፈልግም ነበር። የእርስዎ ደም ነው የቀጠነው ማለት ሲገባኝ አፈርኩ፣ ፈራሁ። «ከሁለታችሁ የአንዳችሁ ደም ቀጥኗል» ብዬ አለፍኩት። እሳቸውማ ምን ጠብቀው! «የፖስታ ነው! ያ ሰውዬ ያገኘውን ሁሉ እየጎረሰ፤ የኔ ደም ምን ሆነና? መንገዱ ጭቃ ነው፣ ነገ እመጣለሁ» አሉ። የሁለቱን ኩርፊያ አትረሳውም መቼም። ለገና አልመጣም፣ ኑሮዬም እዚሁ ነው ብለህ የጻፍከውን ደብዳቤ አድራሻው ላይ «ሎክሊን ማክኒል» ብቻ ብለህ ላክኸው፤ ፖስታ የራሳቸው መስሏቸው ከፍተው ሱቅ ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት። አባባ የልጃቸውን ነገር ከመንደሩ ሁሉ መጨረሻ ሰሙ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚቀመጡት።

ስልኩን ሊዘጉብኝ ሲሉ፣ ፖስታ ስልክ አላነሳ ማለታቸውን ተናገርኩ። አልዘጉትም። «ስንቴ ደወልሽ?» አሉኝ። አምስቴ አልኳቸው። «ጀልባ ቤቱ ነው የሚሆነው» ብለው ዘጉት። ሩብ ሰዓት ሙሉ ደጋግሜ ደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። ቁልፌን ይዤ ሮጬ ወጣሁ። መኪናዬን ሳስነሳ የአባባ አሮጌ ፒክአፕ የክሊኒኩን ግቢ በር አልፎ ገባና አበባ መደቡ መሃል ቆመ።

ፖስታ በአንድ እግራቸው ቦት ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ ሆነው ይጮኻሉ፤ «ይህን እብድ ያዙልኝ! ጫማዬን ሳጠልቅ በኮሌታዬ ጎትቶ አመጣኝ!» ይላሉ። አባባ ደግሞ «ወድቆ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ምን ይወድቃል እሱ!» አሉና በሩን ከፍተው ወረዱ። ያኔ ክንዳቸውን አየሁት። የጀልባ ቤቱ በር አልከፈት ሲላቸው በትከሻቸውና በክንዳቸው ገፍተውት ኖሮ፣ ከክርናቸው እስከ አንጓቸው እንደ ወይን ፍሬ ጠቁሯል። መሐረባቸው ደም ነው። ለካ ከሰኞ ጀምሮ ድዳቸው ይደማ ነበር፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ሞራግ አይታ «እግዚኦ» አለች፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀልድ አልወጣትም። ደማቸው ተለካ፤ ፖስታ 2.4፣ አባባ 7.2።

ሐኪሙ ወዲያው መርፌ ወጋቸውና በአምቡላንስ ወደ ከተማ ላካቸው። አምስት ቀን ተኙ፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ እንዳልደማ በምስል አዩላቸው፣ ተመስገን። ለራሳቸው ቢሆን ጭቃውን ምክንያት አድርገው ቤታቸው ይቀመጡ ነበር፤ ለፖስታ ብለው ነው የተነሱት። ማሰቡ ራሱ ያመኛል።

በሁለተኛው ቀን አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። «አዎ» የሚለውን እኔ እንደነካሁት፣ ስደውልም የእሳቸው መሆኑን እያወቅሁ እንደደበቅሁ። «ብትነግሪኝም አልመጣም ነበር» አሉ። ፖስታ ማዶ ወንበር ላይ ነበሩ፤ በየቀኑ በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ መስኮት ይከፈት አይከፈት እያሉ ሲነታረኩ ይውላሉ። ፖስታ ቀና ብለው፣ «ውሸቱን ነው፣ ይመጣ ነበር። አጥፍተሻል ልጄ። ሌላ ጊዜ ቁርጡን ተናገሪ» አሉኝ። ከአባባ ምሕረት ይልቅ ይሄ ጠቀመኝ፤ ኮሪደር ወጥቼ ወጣልኝ እስክል አለቀስኩ።

ሁለቱ ውጤቶችም በየባለቤታቸው መዝገብ ገቡ። መቶ ስልሳ ሦስት ወጥቶ መቶ ስልሳ ሦስት ገባ፤ አንድም አልጠፋም። በአሮጌው እየሠራን ነው፣ ኩባንያውም ያቺን ሳጥን እስኪጨምር አዲሱን አንቀበልም ብለናል። መዝገባቸው የተደባለቀባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞርኩ ስህተቱ የኔ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። ሌላ የተጎዳ አላገኘንም። አንዳንዱ ሻይ አቀረበልኝ፣ አንዳንዱ በር ዘጋብኝ፤ ሁለቱም ይገባኛል።

ለሉሲል ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ወገቧን ሙቅ ነገር ትያዝበት። ማልኮምን ትልቅ ሰው ሆነሃል አሉ፣ አክስትህ ኮርታለች በልልኝ። ሺላን ጉንጯን ሳምልኝ። ሞራግ ሰላም ብላሃለች፤ ትምህርት ቤት ያቀመሰችህ ጥፊ ትርፍ እንዳለው ንገሪው ብላለች። ፖስታም «ያ የደብዳቤው ልጅ እንዴት ነው?» ብለው ጠይቀዋል፤ ሰላምታ መሆኑ ነው።

አባባን ምን ብዬ ልጻፍልዎት ብላቸው፣ «ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም በይው» አሉኝ። ጻፍኩት። ሬዲዮውን ዘጉት። «ሰርዢው» አሉ። «ፈርቶ ነበር ብለሽ ጻፊ። በጣም ፈርቶ ነበር በይው።» እንዳሉት ይኸው ጽፌልሃለሁ።

እህትህ ፍሎራ
ማክኒል ወሽመጥ፣ ኬፕ ብሬተን
እሑድ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 2019