አባባ የሚያዩት ቢጫ ብርሃን

ይድረስ ለወንድሜ ሐሩን፤

አሰላሙ አለይኩም። ኮምቦልቻ ያለኸውን አላህ ይጠብቅህ፤ እኛ ጎሮ አልሐምዱሊላህ ነን።

አባባ ዘንድሮም እየጾሙ ነው። ምስር የምታክል ክኒን ያንን የሚንደፋደፍ ልባቸውን አደብ ማስያዟ እስከዛሬ ይገርመኛል። ሐኪሙ በቀን አንድ ቢልም፣ «ጾሙ ልቤን እንዳያደክመው» ብለው በኢፍጣርም በሱሁርም ይውጧታል።

ሰሞኑን ተምር እንኳ አስጠልቷቸዋል። ነጩ ሂጃቤም የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳም ቢጫ ሆኖ ይታያቸዋል። «ኑር ነው፣ የአላህ ብርሃን» ስላሉ ጎረቤቱ ሁሉ ዱዓ ሊያስደርግ ይመጣል። ትናንት ትርታቸውን ብቆጥር በደቂቃ አርባ ሁለት ሆነ፤ እንዲህ የረጋ ልብ አይቼ አላውቅም።

በስልክ ሳወራህ አጠገቤ ስለሚሆኑ ነው ጽፌ በሹፌር እጅ የላክኩልህ። ዒድን ሳትጠብቅ ና፤ አላህ መንገድህን ያቅልልህ። ቢጫውንም የልባቸውን መዘግየትም ያመጣው ክኒን ማብዛታቸው ይመስለኛል፤ እስክትደርስ ክኒኖቹ እኔ ቦርሳ ውስጥ ናቸው።

እህትህ ሰልዋ