ሲፈን የማትደርስበት ቦታ

ጥር 6፣ ጠዋት 1፡15

እንደገና። የጭኮው ክዳን መሬት ላይ። በርጩማው ከመደርደሪያው ሥር። በቅቤ የታሸው የገብስ ጭኮ መሐል የአራት ጣት ቦይ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛ ጊዜ። በርጩማውን በሆዷ እየገፋች ነው የምታመጣው፤ ሲሚንቶው ላይ ሲፋቅ ሰምቼ ስደርስ እጇን ከኋላዋ ደብቃ፣ አፏን ግጥም አድርጋ ቆማለች። ቅቤው ጉንጯ ላይ ያበራል። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር!

አጠብኳት። አለቀሰች። መ/ቤት አርፍጄ ገባሁ።

ከሰዓት ልጄ ሳባ ከሮቤ ደወለች። ዝውውሯ እስኪሳካ እዚያው ጤና ጣቢያ ናት፤ ልጇ ሲፈን እኛ ዘንድ። ትእዛዝ ሰጠችኝ፦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ደረቅ ከረሜላ በፍጹም፤ ትንፋሽ ይዘጋል። ዝርዝሩን በትልቁ ጽፌ የማድ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ። ባለቤቴ አስናቀች ሳቀች፤ ልጅቷ ፊደል አልቆጠረችም አለች። ለአንቺ ነው አልኳት። ሳቁ ቆመ።

ጥር 7፣ ቀን 6፡40

ቆሎው፣ ብስኩቱ፣ ጭኮው ሁሉ ቡፌ ውስጥ። ቆለፍኩ። ቁልፉ ቴሌቪዥኑ ላይ ካለው ዳንቴል ሥር። ለማንም አልተናገርኩም፤ አስናቀች የእንባ ጠብታ ካየች ትከፍትላታለች። ለአንተ ብቻ፣ ደብተር።

ሲፈን መስታወቱን በመዳፏ ትደበድባለች። "ካን ኮ! ካን ኮ!" የኔ ነው ማለቷ ነው። ኦሮምኛውን ያስተማረቻት ጎረቤታችን አደ ፋጡማ ናት፤ ጭኮውንም የምታመጣልን እሷው። ዛሬም ሳህን ይዛ መጥታ ቡፌውን ተቆልፎ አየችው።

"ኦቦ ጌታሁን፣ ምነው፣ ባንክ ከፈቱ እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ "አባ ቁልፍ ከለከሉሽ እናቴ?"

አስናቀች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አባ ቁልፍ። ስሙ ሊለጠፍብኝ ነው። ይለጠፍ።

ጥር 9፣ ከሰዓት 10፡00

የዓመቱ ቀለባችን ስንዴ ከኢተያ ገባ። አራት ኩንታል፣ ንጹሕ። ጓዳ አስደረደርኩ። በየጆንያው የነቀዝ ክኒን ከትቼ በላስቲክ ሸፈንኩ።

ለአንተ አልዋሽም። የዘር ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። በየዓመቱ ገበሬ ሰብስቤ፣ ይህ ክኒን የሚገድል ጋዝ ያወጣል፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት አይግባ፣ ከራሱ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ አይዛወር እላለሁ። እየጮህኩ። የእኛ ጓዳ ደግሞ ከመኝታ ቤታችን በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። እያወቅሁ ከተትኩ።

የጠርሙሱ ክዳን ተሰንጥቋል። የተረፈውን ከነጠርሙሱ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩ። ቀዩ፣ ግጣሙ የሚጠብቀው። "መርዝ" ብዬ ልጽፍበት ሞከርኩ፤ እስክሪብቶው ቆርቆሮው ላይ አልያዘም። ነገ ወረቀት እለጥፍበታለሁ። የጓዳው የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ስሰቅለው ሲፈን በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር። ቁልፉ በጃኬቴ የውስጥ ኪስ።

አስናቀች ጓጉንቸሩን አይታ ደግሞ ይሄ ምንድን ነው አለች። ስንዴ ነው አልኳት። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልሰጠሁም። ደክሞኛል።

ጥር 11፣ ጠዋት 3፡30 (እሑድ፣ ጥምቀት)

ሲፈን የዳንቴሉን ቁልፍ አገኘችው።

ጋዜጣ እያነበብኩ መስዬ ዓይኔን ከእሷ አልነቀልኩም። ሶፋው ላይ ወጣች፣ ዳንቴሉን ገለጠች፣ ቁልፉን ወሰደች። ቡፌው ላይ ገልብጣ ሞከረች፤ አልሆነም። አላለቀሰችም። ሻንጣዬ ላይ ሞከረች። የግቢው በር ላይ ሞከረች። በመጨረሻ ጓዳው በር ላይ። ጓጉንቸሩ ጋ አትደርስም፤ በሆዷ ተኝታ አፏን ከበሩ ሥር ወዳለው ክፍተት አስጠጋች። "ብኩት። ነይ፣ ብኩት።" ብስኩቱን እንደ ድመት ጠራችው።

አስናቀች ወገቧን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። 

ሁለቱም ቁልፎች አሁን ጃኬቴ ውስጥ ናቸው። ወረቀቱን አልለጠፍኩም፤ ሙጫ የለም። ነገ ጎበሳ ለሥራ እሄዳለሁ።

ጥር 13፣ ከሰዓት 11፡20

ከጎበሳ ተመለስኩ። የግቢው በር ላይ ቆሜ ነው ከአደ ፋጡማ የሰማሁት። ባለቤቴ ልትነግረኝ አላሰበችም! ትናንት እንግዳ መጥቶ ከኪሱ እፍኝ ቆሎ በልጅቷ መዳፍ ላይ አደረገ። ማየት ነበረብዎት ትላለች፤ ከንፈሯ ጠቆረ፣ አስናቀች ዘቅዝቃ ጀርባዋን መታቻት፣ አንዲት የገብስ ፍሬ ዱብ አለች።

ገብቼ ጮህኩ። በሩ ላይ የለጠፍኩትን ዝርዝር አስናቀች ፊት አንድ በአንድ አነበብኩ። እንደ ተማሪ ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፦ ልጅቷ ድሮ አላምጣ ነበር የምትበላው፤ መቆለፍ ከጀመርክ ወዲህ ሳይቀሟት ትውጣለች።

የቤቱን ቆሎ ሁሉ አውጥቼ ለጎረቤት ዶሮዎች በተንኩ። ሲፈን በመስኮት አየችኝ። አላለቀሰችም። አሁንም ታየኛለች። ይህን ስጽፍ፣ ኪሴን ነው የምታየው።

ጥር 15፣ ቀን 8፡00



ጠዋት ፀሐዩ ስለበረታ ጃኬቴን ወንበር ላይ ትቼ ወጣሁ። አምስት ሰዓት ላይ መንገድ መሐል ትዝ አለኝ። ተመለስኩ። አልሮጥኩም። ለምን አልሮጥኩም?

ሦስቱም ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አስናቀች ጭን ላይ ቀዩ ቆርቆሮ። በማንኪያ እጀታ ክዳኑን እየፈለቀቀች። ሲፈን ፊት ለፊቷ ሁለት መዳፏን ዘርግታ። "ይኸው አባ ቁልፍ መጡ፤ ተያዝን!" አለች አደ ፋጡማ።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥታ ለአያቷ የሰጠቻት ሲፈን ናት። እጇን ይዛ ጓዳው በር ድረስ ወስዳታለች። የላይኛውን መደርደሪያ አሳይታታለች። አስናቀችም ብስኩት ከእኔም ደበቀብኝ ብላ ነው ያወረደችው።

ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ቆርቆሮውን ነጠቅሁ። ልጅቷ በጀርባዋ ወደቀች። ክዳኑ በአንድ በኩል ቀና ብሏል፤ የቀረው ሁለት ጣት ነበር። መርዝ ነው አልኩ። አደ ፋጡማ ልጅቷን አንስታ ወደ ቧንቧው ሮጠች፤ ምንም ያልነካ እጇን ደጋግማ አጠበች።

አስናቀች አልጮኸችም። "ለማን ነግረህ ነበር?" ብቻ አለች።

ለአንተ። ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩት፣ ደብተር። ጥር 9፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ የቆርቆሮው ቀለም ሳይቀር። አንተ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፈህ ነበር።

ቆርቆሮውን በላስቲክ ጠቅልዬ መ/ቤታችን የፀረ ተባይ ዕቃ ክፍል አስረከብኩ። ተረካቢው ባልደረባዬ ምን ነካህ፣ ፊትህ አመድ መስሏል አለኝ። ቤቴ ውስጥ ነበር አልኩት።  ሥልጠናውን አብረን ነው የምንሰጠው።

ጥር 16፣ ጠዋት 2፡45

የጥር 9ኙን ገጽ ለአስናቀች ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ቆማ ሰማች። ሌላስ ምን አለ ያልነገርከን አለች። አለ፤ ጆንያዎቹ ውስጥም ክኒን አለ አልኳት። ግድግዳውን አየች። የሲፈን አልጋ እዚያ ግድግዳ ጋ ነው። ሌሊቱን ስታስል እንደነበር ያኔ ሁለታችንም አስታወስን። ብርድ ይሆናል። ብርድ ነው ብዬ መጻፍ ግን አልችልም።

አልጋውን ወደ ሳሎን አወጣን። ለሳባ ደወልኩ፤ ሁሉንም፣ ምንም ሳላስቀር። የክኒኑን ስም ጠየቀችኝ። ከዚያ "አባዬ፣ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰዳት" አለችና ዘጋችው። አስናቀች ልጅቷን ልታለባብስ ነው። ጋሪ ጠርቻለሁ፤ ስንዴው ዛሬ ከዚህ ቤት ይወጣል፣ ሰው ወደማያድርበት የአደ ፋጡማ ጓሮ ጎተራ። የጓዳው በርም ከነማጠፊያው ይነቀላል።

ቡፌውን ከፍቻለሁ። ብስኩቱን በሳህን ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ አድርጌዋለሁ። ሲፈን መጣች፣ ሳህኑን አየች፣ አንድ አነሳች። አልቀመሰችውም። ጓዳው በር ጋ ወስዳ ተቀመጠች፤ ብስኩቱን ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት ወደ ውስጥ ገፋችው። ያልተቆለፈ ነገር አይጣፍጣትም። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በዐሥር ቀን። በጥራት።

ከጋሪው በፊት ሐኪም ቤት። ምን ክኒን እንደሆነ ይጠይቁኛል፣ የክኒኑን ስም በወረቀት ጽፌ

በርጩማው ይፋቃል። ወደ ሳሎን አይደለም፤ ወደ ጓዳው ነው። ልሂድ።