ዝም ያለው ራዳር ጠቋሚ

ረቡዕ

ዛሬ ደግሞ ዌስትላንድስ፣ ሱፐርማርኬቱ በር ላይ ጮኸ። ፖሊስ የለም፤ እኔም እየነዳሁ አልነበረም፤ ቆሜ ፓርኪንግ እየጠበቅኩ ነው። በሩ በራሱ የሚከፈት ስለሆነ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ይጮኻል። አዲስ መኪና አጠገቤ ሲቆምም ይጮኻል። ራሴን አመመኝ።

ራዳር ጠቋሚ ይሉታል። ፖሊስ የፍጥነት መለኪያውን ከሩቅ ሲያነጣጥር ቀድሞ ይነግራል ተብሎ ነው፤ በራሱ የሚከፈት በርና አዲስ መኪናም ተመሳሳይ ሞገድ ስለሚረጩ ይሳሳታል። የባሌ ታላቅ ወንድም ጌታቸው ከዱባይ ይዞልን መጣ፤ ባሌ ሰለሞን የእንግዳው ሻንጣ ሳይዘጋ ሮጦ ወርዶ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ በፍጥነት ተቀጥቻለሁ። "ቀስ ብለሽ ንጂ" ያለኝ ግን የለም።

ልነቅለው አልችልም። የባል ታላቅ ወንድም በእጁ ተሸክሞ ያመጣውን ማን ይነቅላል?

ሐሙስ

ጊጊሪ፣ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ፣ ዕቃው እዚህ አገር ይፈቀዳል ወይ ብዬ ስጠይቅ ዋልኩ። የሕግ ክፍሏ ልጅ በስሙ የሚከለክል ሕግ እንዳላየች፣ ግን የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበል ዕቃ ፈቃድ "ሊያስፈልገው ይችል ይሆናል" አለች። ስንት "ይሆናል"! ሒሳብ ክፍል ያለው ሰውዬ በእሱ አገር ክልክል ነው፣ እዚህ ግን ግድ የለም ባይ ነው። ሦስተኛው ጥያቄዬን እንኳ አላስጨረሰኝም፤ ከየት ገዛሽው አለኝ።

ማታ ለሰለሞን ነገርኩት። ያልተከለከለ ነገር የተፈቀደ ነው አለ። ማን ነገረህ ብለው፣ ጌታቸው።

ዓርብ

ሠራ። እውነቱን ልጻፍ እንጂ። ቲካ ሮድ ላይ ጮኸ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ድልድዩ ሥር ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል። እንደ ጨዋ ሰው አለፍኳቸው። ከዚያ በኋላ ግን እንደልቤ ነዳሁ፤ ደስም አለኝ። ሰለሞን ወዲያው ለወንድሙ ደወለ።

ነገ እትዬ አበበችን ከከተማ ወጣ ብሎ ኪያምቡ ጸሎት አደርሳለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እንደ እናት የማያቸው ሴት ናቸው። ስደተኛ ናቸው፤ ኢስሊ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ካናዳ ናት። ወደ እሷ ለመሄድ የጀመሩት ጉዳይ ስንት ዓመት ተጎትቶ ሰኞ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ተጠርተዋል። የነገው ጸሎት ለዚያ ነው።

ቅዳሜ



የኪያምቡ መንገድ ባዶ ነበር። ረፍዶብናል፤ ረገጥኩት። ከፊት የመጣ ማታቱ፣ የሕዝብ ታክሲ፣ መብራቱን ብልጭ ብልጭ አደረገልን። ቀጥሎ የጭነት መኪና፣ እሱም። አዲስ አበባ መንዳት ከመማሬ በፊት ትርጉሙን የማውቀው ነገር ነው፤ ትራፊክ አለ፣ ቀስ በሉ ማለት ነው። እዚህም ያው ነው። እትዬ እንኳ አዩት።

"ልጄ፣ መብራት እያሳዩሽ ነው።"

"አይዞዎት፣ ቢኖር ይሄ ይጮህ ነበር" አልኳቸው። በጣቴም ጠቆምኩላቸው። ያቺ ጣቴ!

ጮኸ፣ ግን ፖሊሱ መሣሪያውን ወደ እኛ አነጣጥሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። እኔ የሰማሁት ጩኸት የመያዜ ዜና ነበር። እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። ሰላምታ ሰጥቶ መንጃ ፈቃዴን አየ፤ ቅጣቱን ጽፎ ሊሰጠኝ ሲል ዓይኑ መስታወቱ ላይ አረፈ።

"ማዳም፣ ሂ ኒ ኒኒ?" አለ። ይሄ ምንድነው ነው የሚለኝ።

ሕጋዊ ይሁን አይሁን እሱም አያውቅም። አለቃዬ ይየው፣ ጣቢያ እንሂድ አለ። ያ ዕቃ ባይኖር ወረቀቴን ተቀብዬ እሄድ ነበር።

ጣቢያ ሲደረስ የሁለታችንም መታወቂያ ተጠየቀ። የእኔ የመሥሪያ ቤት ካርድ በአክብሮት ተመለሰልኝ። የእትዬ የስደተኛ መታወቂያ ቀኑ አልፏል። ለእድሳት ያመለከቱበት ወረቀት አላቸው፤ ግን በየቀኑ በሚይዙት ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ለጸሎት ብለው የክት ቦርሳቸውን ይዘዋል። ቁልፋቸውን ተቀብዬ ኢስሊ ድረስ በረርኩ። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ የሚወስነው ሰው ሄዷል። ለሰኞ ተባልን፤ እስከዚያ እትዬ አይለቀቁም።

እትዬ አግዳሚ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ሰኞ ጠዋት ነው ያልሽው?" ብለው ብቻ ጠየቁኝ። የእሳቸውም ቀጠሮ ሰኞ ጠዋት ነው።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። ከፓስተሩ ጋር ምግብና ጋቢ አደረስን። እትዬ ምግቡን አብረዋቸው ካሉት ሴቶች ጋር ተካፈሉ። ነገ በጠዋት እንድመጣ፣ የፀጉር ማበጠሪያም እንዳልረሳ ነገሩኝ። እንዲህ ሆኜ ቀጠሮ አልገባም አሉ።

ቤት ስመለስ ሰለሞን የዕቃውን መመሪያ ዘርግቶ ያነባል። ፖሊሱ የያዘው በራዳር ሳይሆን በብርሃን ጨረር የሚለካ ሌዘር መሆን አለበት፣ ሌዘር ከሆነ ይሄ ቀድሞ ሊደርስበት አይችልም፣ ይኸው ተጽፏል ብሎ አሳየኝ። ዛሬ ነው የሚያነበው! መጀመሪያ ቀን ብታነበው ምን ነበረበት አልኩት። መመሪያውን አጣጥፎ፣ የተሻለ ሞዴል እንዳለ ጌታቸው ሲያመጣው ነግሮኛል አለ።

ሳሎኑን ጥዬለት ወጣሁ። ሰፈራችንን ኪሌሌሽዋን ዞርኩ፣ በእግሬ። እሱን እየሰደብኩ ጀመርኩና ራሴ ላይ ደረስኩ። መብራቱን ያየሁት እኮ እኔ ነኝ። ሁለት ሹፌር መክሮኝ አንድ ፕላስቲክ አመንኩ።

ሰኞ

ተለቀቁ። ወረቀቱን ያየው ሰውዬ አላንገላታንም፤ ፈርሞ አሰናበተን። እትዬ መኪና ውስጥ ፀጉራቸውን አበጠሩ፤ የቅዳሜውን ቀሚስ በእጃቸው አስተካከሉ። መስታወቱ ላይ፣ ጣቢያ ያስቀሩት ጠቋሚ የነበረበት ክብ ምልክት ቀርቷል። ሁለታችንም እያየነው ሄድን።

ደረስን። ስማቸው ሲጠራ በሩ ላይ ነበርን። ጌታ ይመስገን ብዬ እዚያው ደረጃ ላይ አለቀስኩ።

ሲወጡ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። መኪና ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን ካሰሩ በኋላ ነው የነገሩኝ።

"ታስረሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ።"

"ምን አሏቸው?"

"እውነቱን ነዋ። ዓርብ ቢጠይቁኝ የለም እል ነበር።"

ምክንያቱንም አስረድተዋል፤ ሰዎቹም ጽፈዋል። ይጉዳቸው አይጉዳቸው የነገራቸው የለም። መልሱ በስልክ ይመጣል ተብለዋል።

ኢስሊ ሲወርዱ ረቡዕ ለጸሎት እንድመጣላቸው ጠየቁኝ። እመጣለሁ አልኩ። ቀስ ብለሽ አሉኝ፤ በሩንም ቀስ ብለው ዘጉት።

አሁን ቤት ነኝ። ከዱባይ መልእክት ገብቷል፤ ከጌታቸው። "እንዴት ነው ዕቃው፣ ጠቀመሽ?" ይላል። ሰለሞን የሆነውን አልነገረውም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ጊዜ አጠፋሁት። የሰውዬው ስጦታ ነው፣ ታላቅም ነው፤ ምን ብዬ እንደምመልስለት አላውቅም።