ሎርና ከድራማው የጠበቀችው ሐዘን

ዴይልስፎርድ፣ ሐሙስ

ውድ ግራንት፣

አሮጌ ወንበሮቼን ሸጬ ጨርሻለሁ። ካርዱ ጠባብ ስለሆነ ገበያውን ትቼ የዛሬን ልንገርህ።

ያረፍኩት ከዴስና ከወንድ ባለቤቱ ከመርቭ ቤት ነው። የዴስ እህት ሎርናም ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቃቸው መጥታለች። በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ጌዮች ሁሉ ወይ ሲሞቱ ወይ ዝናብ ውስጥ ቆመው ሲያለቅሱ ስላየች፣ ወንድሟን ልታጽናና አንድ ቦርሳ መሐረብ ይዛለች። ዴስ ጠዋት፣ "ከንፈሯን መጥጣልኝ ልትመለስ ነው" ብሎ ከፍቶት ነበር።

ከሰዓት ወደ ሰፈሩ ክበብ ወሰድናት። ግማሹ ጌይ፣ ግማሹ ገበሬ፣ ሁሉም የክበቡን ሣር ማን ይጨድ በሚል ይጨቃጨቃል።

"ሐዘኑ የታለ?" አለችኝ በጆሮዬ።

መርቭ ሰምቷት ኖሮ፣ "አይዞሽ እቴ፣ ዴስ ሲያበስል ያየሽ ቀን ታለቅሻለሽ" አላት።

"አንተ ሽማግሌ፣ እህቴ ፊት አታዋርደኝ!" አለ ዴስ።

እኛ እዚያ እቤት ተሰብስበን ድራማውን እየሰደብን እናያለን፤ እዚህ ያሉት ግን ለማየትም ጊዜ የላቸውም። ደራሲው ቢመጣ ለአንድ ክፍል የሚበቃ እንባ አያገኝም።

ከዚያ ክበቡ ሥጋ የሚያሸልምበት ሎተሪ ለሎርና ወጣ። በክበቡ ደንብ ያሸነፈ ሰው የፊታችን እሑድ ለሁሉም ይጠብሳል፤ እሷ ግን ነገ ለመሄድ ቲኬት ቆርጣለች። ዴስ መሬት መሬቱን አየ።

"ትልቅ መጥበሻ አላችሁ?" አለችው። "ከሌላችሁ ነገ አብረን እንገዛለን።"

ዴስ ሥጋውን እንደያዘች አቅፎ አነሳት።

ቦታው አለቀ። እናትህን ሳምልኝ፣ ለጓደኛችን ለኪት ሰላም በልልኝ። ሎርና ለእሑዱ ጥብስ ሽንኩርት ከታፊ አድርጋኛለችና እስከ ሰኞ አትጠብቀኝ።

ያንተው ኔቪል