185 ፓውንድ በሁዳዴ

ማክሰኞ፣ ማርች 5፣ 2019። ከቀኑ 7 ሰዓት

ብረት ከወለል ማንሳት፣ ሦስተኛው ዙር። 155 ፓውንድ፣ አምስት ጊዜ። እግር ከብረቱ ሥር፣ ደረት ቀና፣ ትንፋሽ ሆድ ውስጥ፣ ከዚያ ወለሉን በእግር መግፋት። ወገቤ ዝም አለ፤ አላመመኝም።

ደብተሬ፣ ሳምንቱን ልንገርሽ። ማክሰኞ ከባድ፣ ሐሙስ ቀላል፣ ቅዳሜ መካከለኛ። አሠልጣኟ ዳያን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነበር ያለችው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ፣ ምክንያቱን ሳልነግራት አስቀየርኳት። ምን ዋጋ አለው፣ ትናንት ሁዳዴ ገባ። ሁሉም ቀን ጾም ሆነ።

ሐሙስ፣ ማርች 7

ከሥራ መልስ፣ ቀላል ቀን። 95 ፓ.፣ ስምንት ስምንት ጊዜ።

ሥራ ማለቴ ክሪስታል በምትባለው ከተማ ባለው የአረጋውያን ቤት፣ ፎጣ ማጠፍ። ፎጣው ላይ ከተመደብኩ አምስት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት ከምንከባከባቸው ሽማግሌዎች አንዱን፣ አቶ ሃሮልድን፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሳዛውር ወገቤ ከዳኝና አብረን ወለሉ ላይ ቁጭ አልን። እሱ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ሰው ማንሳት ፈራሁ። ሐኪሙ ማርች 28 ያየኛል። ከፈቀደ ወደ ሽማግሌዎቼ፣ ካልፈቀደ ፎጣ። ፎጣ ደግሞ አመሰግናለሁ አይልም።

ማክሰኞ፣ ማርች 12። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል

ውርደት! ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ሳልቀምስ 175 ጫንኩ። ጉልበቴ ድረስ መጣ። ዓይኔ ጨለመ። ለቀቅኩት፤ ጂሙ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ዳያን ምን እንደበላሁ ጠየቀች። እንቁላል አልኳት። በሁዳዴ! በአንድ ቃል ሁለት ኃጢአት።

ማታ ልጄ ሊያ በእንግሊዝኛዋ ጾሙን ለጥቂት ሳምንት ተይው አለችኝ። ጮህኩባት። እኔም አስቤው ስለነበር ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 14

ለዳያን እውነቱን ነገርኳት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልበላም፤ እስከ ፋሲካ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። ትስቃለች ብዬ ነበር። እስክሪብቶ አወጣችና የልምምድ ሰዓቴን ወደ አሥራ አንድ ገፋችው። ከዚያ በፊት ምን እንደምበላ ጠየቀች። ሽሮ። ስልኳ ላይ ፈልጋ ከሽምብራ እንደሚሠራ ስታይ፣ ለጡንቻ ጥሩ ነው ብላ ደስ አላት። ሞኝ ነኝ፣ ከመጀመሪያው ብነግራት ምን ነበረበት?

ማክሰኞ፣ ማርች 26። ከምሽቱ 12 ሰዓት

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሽሮ፣ ምስር፣ ሙዝ። አሥራ አንድ ላይ 175፣ ተነሳ። ዳያን አሥር ፓውንድ ጨመረችበት። 185። ጉልበት፣ ጭን... ቀጥ ብዬ ቆምኩ! በአርባ ሰባት ዓመቴ፣ በጾም ሆዴ። ኮራሁ፣ ደብተሬ፣ ምን ልደብቅሽ። አብራኝ የመጣችው ሊያ በስልኳ ቀርጻኝ ለጓደኞቿ ሁሉ ላከች። ከእኔ ጋር መታየት የምታፍር ልጅ!

ሐሙስ፣ ማርች 28

ሐኪሙ 50 ፓ. ሣጥን አስነሳኝ። ሳቄ መጣ። ፈቀደ።

አለቃዬ ግን ከፈለግሽ ፎጣው ጋ ቆዪ፣ ደመወዝሽ አይነካም አለች። እስከ ነገ አስቢበት አለች። ፍርሃቴ ተመልሶ መጣ።

ዓርብ፣ ማርች 29

አቶ ሃሮልድ ክፍል ገባሁ። የማንሻ ቀበቶውን ወገቡ ላይ አስሬ፣ ፈትቼ እንደገና ሳስር አየ። ማክሰኞ 185 ማንሳቴን ነገርኩት። ትንሽ አሰበና የእሱ ክብደት 160 ብቻ መሆኑን ነገረኝ፤ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

እግር ከሥሩ። ደረት ቀና። ትንፋሽ ሆድ ውስጥ። አብረን እስከ ሦስት ቆጠርን።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወገቤ ዝም አለ። ለአለቃዬ ፎጣውን ለሌላ ሰው ስጪ አልኳት። በሚመጣው ማክሰኞ 190።